በሴቶች ፉርጎ የተያዘ ቦታ

ፍቅርና ሳል አይደበቅም ይላሉ። ሳሉን ለእኔ ተዉት። አንዴሪ በሚባለው የከተማችን ሰፈር በሚገኝ ስቱዲዮ ከመስታወት ጀርባ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጬ የስንቱን ጀግና ሳል፣ የስንቷን ቆንጆ ማስነጠስ ከፊልም ላይ ጠርጌያለሁ። ፍቅርን የሚጠርግ ማሽን ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ቢኖር ኖሮ በዚያ ክረምት ለሁለት ሰዎች እጠቀምበት ነበር፤ ለራሴም ጭምር።

ፊልሙ የእኛኑ የሲኒማ መንደር ጉድ የሚያወጣ ኮሜዲ ነው። ጀግናው በሃምሳ አራት ዓመቱ የኮሌጅ ቦርሳ አንጠልጥሎ "ፈተና ወደቅሁ" ብሎ ያለቅሳል፤ እናቱ ሆና የምታባብለው ተዋናይ ደግሞ በአራት ዓመት ታንሰዋለች። ደረቱን በስድስት ጥይት ተመቶ ሦስት ዘፈን ይዘፍናል። ፕሮዲውሰሩ ኮከብ ቆጣሪ ጠርቶ "በየትኛው ቀን ቢሞት ይሻላል?" ብሎ ይጠይቃል፤ ኮከብ ቆጣሪው ኮኮናት ሰብሮ "ባይሞት ይሻላል" ሲል ጀግናው አቧራውን አራግፎ ይነሳል። እኛ የመንደሩ ሰዎች በማን እንደተቀለደ ስለምናውቅ ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ ከረምን።

ጽፎ ያዘጋጀው ኡዳያን ነው። አያቱ ስቱዲዮ ነበራቸው። እናቱ ማዳም ዳማያንቲ በወጣትነቷ ዝነኛ ተዋናይ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቤተሰቡን የፊልም ድርጅት ብቻዋን ይዛ ማንንም አታስነካም። ኡዳያን ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ በሰማይም በምድርም ይቀልዳል፤ እናቱ ፊት ሲቆም ግን ድምፁ ይቀንሳል። የድምፅ ሰው ነኝና የመለኪያው መርፌ ስትወርድ በዓይኔ አይቻለሁ።

የፊልሙ ቆንጆ ማይራ ለንደን ያደገች ልጅ ናት። መልኳ ለጉድ ነው፤ ሂንዲዋ ግን ከአፏ ሳይወጣ ይሰበራል። ስለዚህ ከንፈሩ የማይራ፣ ድምፁ የኑዝሃት ሆነ። በውሸታችን የሚያላግጠው ፊልም እንኳ ያለዚህች ውሸት መራመድ አልቻለም።

ኑዝሃት ከሩቅ ከተማ የመጣች የቦፓል ልጅ ናት። ጆጌሽዋሪ በሚባል ሰፈር አክስቷ ቤት፣ ስድስት ሰው በሁለት ክፍል በሚያድርበት ትኖራለች። ሃይማኖቷም፣ ሰፈሯም፣ መጓጓዣዋም ከኡዳያን ሌላ ነው። ወደ መቅረጫው ክፍል ከመግባቷ በፊት የብርጭቆ አምባሮቿን አንድ በአንድ አውልቃ ጠረጴዛዬ ላይ ባለው የሻይ ሳህን ውስጥ ታስቀምጣቸዋለች፤ ማይክሮፎን አምባር አይወድም። ስትጨርስ እኔ ጎን ካለው አሮጌ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ኡዳያን አጠገቧ ይቀመጥና አንድ ብርጭቆ ሻይ ለሁለት ይጠጣሉ። እኔ ፊቴን ወደ ማሽኑ አዞራለሁ፤ ቢሆንም የሽማግሌ ጀርባ ዓይን አለው።

ወንድሟ ቦፓል ላይ ባል አግኝቶላታል፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ መድኃኒት ቤት ያለው፣ ሰው የሚያመሰግነው። "የፊልሙ ሥራ ይለቅና" እያለች አንድ ወር ገፋችው። በመጨረሻ ወንድሟ ቅዳሜ መጥቶ እንደሚወስዳት ቁርጡን ነገራት። ኡዳያን እስከ ቅዳሜ ስለ እሷ ለእናቱ ከተናገረ ትቀራለች፤ ካልተናገረ ትሄዳለች። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሦስታችንም እናውቀዋለን።

ሰኞ ዕለት የቀረን አንድ ትዕይንት ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ ማይራ ቤተ መንግሥት በሚያህል ቤት ሰገነት ላይ ቆማ ለጀግናው የጻፈችውን ደብዳቤ ታነባለች። ኑዝሃት ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ፊቷ የተቀመጠውን ወረቀት ማንበብ ጀመረችና ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመች።

"ይሄ የእኔ ነው" አለች።

ኡዳያን የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጫነ። እሷ እኛን ሁልጊዜ ትሰማናለች ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ማይክሮፎኗ ወደ እኛ ያመጣታል፣ የእኛ ድምፅ ግን ወደ እሷ የሚሄደው ያ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ነው። ክፍሉ ድምፅ አያሳልፍም።

"ያንቺ ነው" አላት። "አንድ ቃል አልነካሁም።"

"ኮሜዲ ውስጥ?"

"ስሚኝ ኑዙ። እዚህ ፊልም ውስጥ ያለው ሁሉ ውሸት ነው፤ እውነቱ ይሄ ብቻ ነው። ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲስቅ ቆይቶ እዚህ ጋ ጸጥ ይላል። ነገ እማ ልታየው ትመጣለች። ይሄን ስትሰማ ታለቅሳለች፣ አውቃታለሁ። ዓይኗን ስትጠርግ ጠብቄ 'የጻፈችው ልጅ ያቻትልሽ፣ ከመስታወቱ ወዲያ' እላታለሁ።"

"ባታለቅስስ?"

"ታለቅሳለች።"

"ኡዳያን፣ ባታለቅስስ?"

እሱ ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። "አጎቴ፣ እስቲ ይንገሯት።"

"ይሄንን ሰምቶ ድንጋይም ያለቅሳል" አልኩ። ምላሴን በቆረጠው።

ደብዳቤውን የጻፈችለት እሱ ለቀረጻ ራጃስታን በረሃ ሁለት ወር በቆየ ጊዜ ነው። እንዲህ ይላል፦

"ለሬዲዮ ማስታወቂያ ሥራ በባቡር ዳዳር ስመላለስ በሴቶች ፉርጎ መስኮቱ አጠገብ ቦታ እይዝልሃለሁ። ወንድ እዚያ እንደማይገባ አጥቼው አይደለም። ቦርሳዬን አስቀምጬ እጄን ከላዩ አደርጋለሁ። 'እህቴ፣ ትንሽ ጠጋ በይልን' ይሉኛል። ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር ላይ አራተኛ ማስቀመጥ የከተማችን ደንብ ነው፤ ማንም አይከለክልም። እኔ ግን 'ሰው አለ' እላለሁ። 'የታለ?' ይላሉ። 'ይመጣል' እላለሁ። ዳዳር እስክደርስ ይሰድቡኛል። አንተ ግን ተቀምጠህ ትሄዳለህ።"

ስድስት ጊዜ ቀረጽናት። ስድስተኛው ላይ መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ። ከመስታወቱ ወዲያ ኑዝሃት ኡዳያንን ታየዋለች፤ እሱም ያያታል፤ ሁለቱም ነገን ያመኑ ሰዎች ነበሩ። እኔም አብሬያቸው አመንኩ።

ማክሰኞ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቆመም። ማዳም ዳማያንቲ ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች።

"ጎንሳልቪስ፣ አንተ አሁንም አልሞትክም?"

"ኮከብ ቆጣሪው 'ባይሞት ይሻላል' ብሎኝ ነው፣ ማዳም።"

ሳቀች። በደህና ቀን የመጣች መሰለኝና ደስ አለኝ። ኑዝሃት ክፍሏ ውስጥ ቆማለች፤ ለመጠባበቂያ ሰባተኛ ቅጂ እንይዛለን ተብሎ ነው፤ መቅጃውንም ከወዲሁ ከፍቼዋለሁ። ያን ቀን የለበሰችው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቀሚስ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነው። አምባሮቿ ሳህኑ ውስጥ ናቸው።

ስድስተኛውን ለማዳም ከፈትኩላት። "በሴቶች ፉርጎ" የሚለው ላይ ከንፈሯ ጫፍ ተንቀሳቀሰ። "ሰው አለ" ሲል ፈነዳች። ጎኗን ይዛ፣ ወንበሩ ላይ ተጣጥፋ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። እንባዋ ፈሰሰ፤ በሳሪዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ከመስታወቱ ወዲያ ሳቅ አይሰማም። ኑዝሃት ያየችው አንዲት እናት ተጎንብሳ ዓይኗን ስትጠርግ ነው። ፊቷ በራ። ወደ እኔ ዞራ ቅንድቧን ከፍ አደረገች፤ "ምን አለች?" ማለቷ ነው። በዚያው ቅጽበት ማዳም "ውይ ልጄ፣ ገደልከኝ፤ ይሄን ማን ጻፈው?" ስትል ሰማሁ።

እንግዲህ የእኔ ጥፋት ይኼ ነው። የተጠበቀው ጥያቄ መጣ ብዬ አሰብኩ። ትስቅም ታልቅስም፣ ልጁ አሁን ይናገራል አልኩ። የሚላትን በጆሮዋ ብትሰማው፣ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ይሻላል፤ ለልጅቷ ላደርግላት የምችለው ስጦታ ይህ ነው ብዬ ቀስ ብዬ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ከፈትኩት።

ኡዳያን ወደ እናቱ ዞረ። ከዚያ እንደ እናቱ ሳቀ።

"እኔ ነኛ" አለ። "የቤት ሠራተኞች ለፊልም ጀግና የሚልኩት ደብዳቤ አለ አይደል? የዚያ ዓይነት ነገር ነው።"

"ለወንድ፣ በሴቶች ፉርጎ" አለች ማዳም እንደገና እየሳቀች። "ደሞ ይቺ ልጅስ? ሰው ከሷ ጋር ትታያለህ እያለ ጆሮዬን ያደነቁረኛል። ማናት?"

"ማንም አይደለችም፣ እማ። ድምፅ ናት።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መዝጋት ነበረብኝ፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ ደረቀ። ኑዝሃት አልተንቀሳቀሰችም። ፈገግታዋ ቦታውን ሳይለቅ ብርሃኑ ቀስ ብሎ ከፊቷ ጠፋ።

"እንግዲያውስ ታልቅስበት እንጂ" አለች ማዳም። "'ሰው አለ' ስትል ንፍጧን ሳብ ታድርግ። አዳራሹ ይፈርሳል።"

ኡዳያን ቁልፉን ሊከፍት ጣቱን ጣቴ ላይ ጫነ። ቀድሞም ክፍት መሆኑን አላየም።

"ኑዝሃት" አለ፤ ኑዙ አላላትም። "ስድስተኛው ጥሩ ነበር። አንድ ደግሞ እንሞክር፣ በለቅሶ። ለሳቅ እንዲሆን።"

"እሺ" አለች።

አደረገችውም። ራሷ ጽፋ፣ ራሷ አልቅሳ፣ ራሷን መሳቂያ አደረገችው። "ሰው አለ" ላይ ልክ እንደታዘዘችው ንፍጧን ሳበች፤ ጊዜው ከማይራ ከንፈር ጋር አንዲት ቅንጣት አልተዛነፈም። ማዳም አጨበጨበች። "ሰባተኛውን ያዘው ጎንሳልቪስ" ብላ ተነሳች። ኡዳያን በአፉ ይስቃል፤ ዓይኑን ግን ከወለሉ አላነሳም። በሙያዬ ብዙ የውሸት ለቅሶ ቀርጫለሁ፤ እውነተኛ ለቅሶ ውሸት መስሎ ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ልጅና እናት በአንድ ጃንጥላ ወደ መኪናው ሄዱ። ኑዝሃት ወጥታ አምባሮቿን አንድ በአንድ ማጥለቅ ጀመረች። አትቸኩልም።

"ልጄ፣ ቁልፉን ክርኔ ነክቶት ነው እኮ…" አልኩ።

"ክርን አይደለም፣ ጣት ነው። አይቼዎታለሁ።"

"መልካም ነገር ላሰማሽ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ፣ አጎቴ።" አንዱን አምባር ከእጇ ላይ አሽከረከረችው። "ባያሰሙኝ ኖሮ ዛሬም ነገም ቦታ ስይዝ እኖር ነበር።"

"ልጁ ደንግጦ ነው። መስማትሽን ልንገረው፤ እየሮጠ ይመጣል።"

"ይመጣላ። ስለተሰማበት ይመጣል።" የመጨረሻውን አምባር አጠለቀች። "ተያዝኩ ብሎ የሚጸጸት ሰው ምን ያደርግልኛል? ሳይነገረው ይምጣ። እስከ ቅዳሜ አራት ቀን አለ። በራሱ ልብ ለእናቱ ተናግሮ ከመጣ፣ እኔ የዛሬውን አልሰማሁም። እምልልዎታለሁ፣ አልሰማሁም። እርስዎም ይማሉልኝ፤ አንዲት ቃል እንዳይነግሩት። የፊሎሜና አጥንት ይፋረደኝ ይበሉ።"

ፊሎሜና ባለቤቴ ናት፤ ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው። ማልኩላት። ኑዝሃት አግዳሚውን ወንበር ትንሽ አየችውና ዝናቡ ውስጥ ወጣች። እኔ ባዶውን የሻይ ሳህን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ረቡዕ ኡዳያን መጣ። ስልክ አታነሳም። ሐሙስም መጣ። የተቀየመችው ደብዳቤዋን ለሳቅ ስላዋለው መስሎታል፤ የጠፋ ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ነው ብሎ ይፈልጋል። "ስትመጣ ይስጡልኝ" እያለ በየቀኑ ደብዳቤ ያኖርልኛል። አንዱን ራሱ አነበበልኝ፤ "ፊልሙ ይውጣና ስሜ ይታወቅ፤ ያኔ እናቴ ፊት ቀና ብዬ እቆማለሁ፤ ትንሽ ታገሺኝ" ይላል።

"የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" አልኩት።

"ምን ማለትዎ ነው?"

"ምንም። ተረት ነው።"

አርብ ሊሄድ ሲል ክንዱን ያዝኩት። "ዛሬ ለእናትህ ንገራት" አልኩት፤ ከመሐላዬ ሳልወጣ ልል የምችለው ይህን ብቻ ነው።

"ዛሬ አይመችም፣ አጎቴ። ፊልሙን ለሲኒማ ቤት ባለቤቶች የምናሳይበት ቀን ነው።"

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ። ከኋላ የባቡር ጣቢያ ጩኸት ይሰማል።

"አልመጣም አይደል?" አለች ኑዝሃት።

"አልመጣም፣ ልጄ።"

"እሺ" አለች። ያንኑ እሺ። ወዲያው አልዘጋችውም፤ ትንፋሿን እየሰማሁ ቆየሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ትንፋሽ ስቆርጥና ስቀጥል የኖርኩ ሰው፣ ያን አንዱን ምን ላድርገው ብዬ ግራ ገባኝ።

ፊልሙ ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ እንደ ልማዳችን አርብ ቀን ወጣ። የመጀመሪያውን የቀትር ትርኢት ባንድራ ሲኒማ ቤት ገብቼ አየሁት። አዳራሹ ጢም ብሏል። ደብዳቤው ጋ ሲደርስ ማዳም እንዳለችው ሆነ፤ አዳራሹ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ "ሰው አለ" ብሎ ንፍጡን ሲስብ አምስት መቶ ሰው ተከተለው። ስሟን ስክሪኑ ላይ ፈለግኩ፤ የለም። ሰኞ ባቡር ውስጥ ጎረምሶች ለጓደኞቻቸው ቦታ እየያዙ ያንኑ ሲሉ ሰማሁ። ከተማው ሁሉ ተማረው። ዳዳር ሳልደርስ ወረድኩ።

በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኡዳያን ስቱዲዮ መጣ። ከሆነ ቦታ ያጠለቁለት የአበባ ጉንጉን አሁንም አንገቱ ላይ ነው። አግዳሚው ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

"ነገርኳት፣ አጎቴ" አለ።

"ለማን?"

"ለእማ። ትናንት በምሳ ሰዓት። ሳቀች። 'አንተ ሞኝ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለዚህ ነው? አምጣትና ልያት' አለችኝ።" እጆቹን ዘረጋ። "በቃ። ይህን ያህል ቀላል ነበር። የቦፓል አድራሻዋን ይስጡኝ፤ ዛሬውኑ እሳፈራለሁ።"

ኑዝሃት ከቦፓል የላከችልኝ የጋብቻዋ ካርድ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ፣ እሱ ከተዋቸው ደብዳቤዎች ጎን ነው። አውጥቼ ሰጠሁት። ሠርጉ ያለፈው ሐሙስ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ቀኑን በጣቱ ነካው።

"ለአንድ ቀልድ ብላ?" አለ ድምፁ ወርዶ። "ደብዳቤዋን አስቂኝ ስላደረግኩት ብቻ? እንዲህ ጨካኝ አልነበረችም እኮ። ምን አደረግኳት አጎቴ? እርስዎ ያውቃሉ። ፊትዎ ላይ አያለሁ።"

መሐላ አለብኝ። አንዲት ቃል አልነግረውም ብያለሁ፤ አልነገርኩትምም።

ሰባተኛውን ቅጂ ስጠርግ ከኑዝሃት ድምፅ በፊት አንድ ነገር አግኝቼ ነበር። ጆሮ ላይ ያለ ማዳመጫ ትንሽ ያፈሳል፤ የፈሰሰውን ማይክሮፎን ይለቅመዋል። ከፊልሙ ላይ ቆርጬ ጣልኩት፤ ሳይቆረጥ የነበረውን ግን አላጠፋሁትም። ለምን እንዳስቀመጥኩት እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ማዳመጫውን አንስቼ ኡዳያን ጆሮ ላይ አደረግኩትና ቁልፉን ተጫንኩ። እኔ መስማት አያስፈልገኝም፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ቀጭን የእናቱ ሳቅ። ከዚያ የራሱ ድምፅ፦ "የቤት ሠራተኞች ለፊልም ጀግና የሚልኩት…" ከዚያ "ማንም አይደለችም፣ እማ። ድምፅ ናት።" ከዚያ ከማይክሮፎኑ ፊት፣ ቅርብ፣ ሙሉ ሆኖ የአንዲት ሴት ትንፋሽ፤ ገብቶ የማይወጣ። ከዚያ "እሺ።"

ካለቀ በኋላም ማዳመጫውን አላወለቀም። ወደ መስታወቱ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ ወደ ቆመው ማይክሮፎን ያያል።

"ማክሰኞ ነበር" አለ በመጨረሻ። ለእኔ አይደለም የሚናገረው። "እስከ ቅዳሜ አራት ቀን ነበረኝ።"

አራት ቀን እሱ ፈሪ ነበር፤ አራት ቀን እኔ ታማኝ ነበርኩ። የትኛችን የበለጠ እንደጎዳናት እስከ ዛሬ አስቤ አልደረስኩበትም። የአበባውን ጉንጉን ከአንገቱ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፤ አልከለከለኝም። እሷ ትቀመጥበት በነበረው ጎኑ ልቀመጥ ዝቅ አልኩ።

እጁን ዘርግቶ ቦታው ላይ አደረገ።

"ሰው አለ" አለኝ።

እኔም ቆምኩ።